ውድ ነው ተብሎ ያልተከፈለለት፣ የእኛ ነው ተብሎ ያልተለቀቀው ዘጠኝ ቁጥር

አሳምነው፣ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥና አዳምጠኝ። ለጓድ ሊቀመንበሩ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። ስናደድ አማርኛዬ እንደሚበላሽ ታውቃለህ። «ለትልቅ ሰው ስትጽፍ እርስዎ ማለት እንዳትረሳ» ትለኝ ስለነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እርስዎ እላለሁ። ከተሳሳትኩ እንደ ድሮው በክርንህ ጎሸም አድርገኝ። የጎማውንም ነገር እጽፈዋለሁ። አትሳቅ፣ እማዬ ገና መተኛቷ ነው።

ለክቡር ጓድ አሰግድ ወልደጻድቅ
የአውራጃው ስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የእርሻ መኪና ጥገና ጣቢያው አስተዳደር ኃላፊ
አሰላ
ጥር 1980 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ፣ ሰሞኑን ከጭላሎ የሚወርደውም ብርድ ወገብዎን እንዳይነካው እመኛለሁ። ስለ ድምፅዎ ግን አልሰጋም፤ ካቻምና ለሜዳችን ያስገዙት ድምፅ ማጉያ ጉሮሮዎን እንደሚያሳርፍልዎ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እኛም ደህና ነን። እናቴ ወይዘሮ የሺሃረግ ተነስታ መቀመጥ ጀምራለች፤ እኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን እየተከታተልኩ ነው።

ብዙ ኃላፊነት ስላለብዎ ምናልባት ወንድሜን ዘንግተውት እንደሆነ በትሕትና ላስታውስዎ። አሳምነው ገብረ መድህን ይባላል። በአውራጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ለባሽ ነበር። ከሁሩታም ከናዝሬትም የሚመጡ ተጫዋቾች በእኛ ከፍታ ትንፋሽ አጥሯቸው ጉልበታቸውን ሲይዙ፣ እሱ ከጎናቸው ቆሞ «ግድ የለም፣ አየሩ ስድስተኛ ተጫዋቻችን ነው» እያለ የሚያፌዝባቸው ረጅሙ ልጅ ነው። ከመወርወሩ በፊት ኳሷን ሁለቴ መሬት ያነጥራታል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ በማትሪክ ጥቂት ነጥብ ስለጎደለው ሥራ ፈላጊ ሆኖ ቤት ተቀምጦ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነገር በኋላ ስለሚያስፈልገን እባክዎ ያስታውሱልኝ።

ለእርሱና ለቤተሰባችን ያደረጉልንን ሁሉ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዋጋውን ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ከናዝሬት የአንድ ፋብሪካ ክለብ ወንድሜን አይቶ ሥራ እሰጠዋለሁ፣ ከአውራጃችሁ መልቀቂያ ይጻፍልኝ ብሎ በጠየቀ ጊዜ ኮሚቴው በትምህርት ቤታችን ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። እኔና አሳምነው ከመስኮቱ ሥር ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር። አሠልጣኛችን መምህር ሁሴኖ፣ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩን፣ ልጁን ለማስቀረት አንድ መንገድ ብቻ እንዳለ ተናገሩ፤ በእርስዎ ጣቢያ ክፍት የነበረውን የዘይት ቀያሪ የቋሚ ሠራተኛ መደብ እንዲሰጡት። ያን ጊዜ እርስዎ፣ ድምፅ ማጉያ ሳያስፈልግዎ፣ «ኳስ ለሚያነጥር ልጅ ቋሚ መደብ? በእሱ የዓመት ደመወዝ ለትራክተሩ ሁለት ጎማ አልገዛበትም እንዴ!» አሉ። ውስጥ ያሉት ሳቁ። ወንድሜም ውጭ ሳቀ። በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ፣ «ሰማህ አስኔ? ሁለት ጎማ አክላለሁ። ያውም የኋላውን ከሆነ ቀላል አይደለም» አለኝ።

ክቡር ጓድ፣ ያኔ የተናገሩት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። «ለአንዱ ይህን ያህል ከከፈልን ነገ የቀሩት አራት ተሰላፊዎችም ይጠይቁናል» ብለዋል፤ እውነት ነው፣ ሌሎቹም እናት አላቸው። «ተጫዋች እግሩ ቢሰበር መደቡን ይዞ ይቀመጣል» ብለዋል፤ ይህም እውነት ነው። «ቡድን አንድ ሰው አይደለም» ብለዋል፤ እሱም እውነት ነው። እኔ በእርስዎ ወንበር ብቀመጥ ምን እንደምወስን ብዙ አስቤ አላወቅኩትም። አንድ ከተማ ገና ሃያ ዓመት ላልሞላው ልጅ፣ ኳስ ቀለበት ውስጥ ስለሚያስገባ ብቻ፣ አባወራዎች የሚለምኑትን ሥራ መስጠት አለበት ወይ? እንጃ። ውድ ነው ማለትዎን አልቀየምኩም።

ሁለተኛ፤ ውድ ነው ብለው ስላልለቀቁትም አመሰግናለሁ። ሳጉሬ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው የበጉን ገመድ ከባለቤቱ ተቀብሎ ይዞ ይከራከራል። ዋጋው ካልተስማማው ገመዱን መልሶ ለባለቤቱ ያስጨብጣል፤ ሳያስጨብጥ የሄደ እንደሆነ ገበያተኛው ሁሉ ይጮህበታል። ይህን የማያውቅ የሳጉሬ ልጅ የለም፣ እናቴም የሳጉሬ ልጅ ናት። እርስዎ ግን አልገዛም ብለው ገመዱን ይዘው ቀሩ። «ልጁን ያሳደገው የአውራጃው ሕዝብ ነው፤ የሕዝብ ንብረት ለናዝሬት አይሰጥም» ተብሎ የክለቡ ጥያቄ መሳቢያዎ ውስጥ ገባ። ወንድሜ በዚያ ምሽት ሲሄድ ሲመጣ «ንብረት ሆንኩ» እያለ እማዬን ሲያስቃት አመሸ። እማዬ ንብረት መሆን ደመወዝ ያለው መስሏት «እግዜር ይስጣቸው» አለች። እኔም ምስጋናውን የጀመርኩት ከእሷ ተምሬ ነው።

ሦስተኛ፤ የሥራን ትርጉም ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ቀበሌው ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ሲመዘግብ ወንድሜን ሥራህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። «ለአውራጃው እጫወታለሁ» ቢል ማስረጃ አምጣ አሉት። ወደ እርስዎ ቢሮ መጣ። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተጋደመ። እርስዎ «ስፖርት በፈቃደኝነት የሚደረግ ነገር ነው እንጂ ሥራ አይደለም፤ ሐሰተኛ ማስረጃ አልጽፍም» እንዳሉት ነገረኝ። ናዝሬት ሲጠይቀው የሕዝብ ንብረት፣ ቀበሌ ሲጠይቀው ሥራ ፈት። አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም መሆን መቻሉ ለእኔ ለተማሪው እንቆቅልሽ ነው፤ እርስዎ ግን ሁለቱንም በአንድ ብዕር ስለፈቱት አደንቃለሁ። ሐሰት ባለመጻፍዎም እናቴ ትጸልይልዎታለች ብል ሐሰት እጽፋለሁ።

አራተኛ፤ ማሊያው። ወንድሜ ለመሄድ ልብሱን ሲያስር የንብረት ክፍል ሠራተኛ ልከው ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ እንዲመለስ አስደረጉ። እናቴ ላብ እንዳለበት አልሰጥም አለች። አጥባ፣ አድርቃ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ አጥፋ ሰጠች። ንብረቱ ተመለሰ፤ ልጁ በአምናው ኅዳር ሄደ። ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

አምስተኛው ረዘም ይላል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በዚህ ዓመት በታኅሣሥ የወንድሜ መርዶ ወደ አውራጃው ደረሰ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ቱሳ፣ ለሰሙት ለእያንዳንዳቸው፣ ለእርስዎም ጭምር፣ «የእናቱ እህት ከሳጉሬ እስክትገባ እንታገስ፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ሄደን እናቱን እናረዳታለን፤ እስከዚያ አደራ አፋችሁን» ብለው ለምነው ነበር። ይህ ሕግ አይደለም፣ መመሪያም የለውም። ሰው መርዶ የሚሰማው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዘው ዘመድና የሚደግፈው ጎረቤት ግራና ቀኝ ቆሞ ነው። ከዚህ በቀር ምክንያቱን አላውቅም።

ቅዳሜ ከሁሩታ ጋር ጨዋታ ነበረን። እኔ እንደ ወትሮው የውጤት ሰሌዳው ጋ ቆሜ ቁጥር የተጻፈባቸውን ቆርቆሮዎች ምስማር ላይ የምሰቅለው ነበርኩ። እርስዎ ከፊሽካው በፊት ድምፅ ማጉያውን ይዘው «የቡድናችን ኩራት የነበረው ጀግናው አሳምነው ገብረ መድህን በሰሜን ግንባር ስለተሰዋ» ብለው ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እንድንቆም ጠየቁ። ሰው ሁሉ ቆመ። እኔ መጀመሪያውኑ ቆሜ ስለነበር ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ቆርቆሮውን አስቀመጥኩ፣ መልሼ አነሳሁት። ከዚያ ፊሽካ ተነፋ፤ የእኛ ልጆች ገና እንደጀመሩ አስገቡ፤ እኔም ሁለት ቁጥርን ሰቀልኩ። እስከ መጨረሻው ሰቀልኩ። መምህር ሁሴኖ ሁለቴ መጥተው «ልጄ፣ ና ውጣ» አሉኝ፤ ወዴት እንደምወጣ ስላልታየኝ አልወጣሁም። በሁለት ነጥብ አሸነፍን። እንኳን ደስ አለዎት።

እናቴ ሜዳ መጥታ አታውቅም፤ «ልጄ ሲወድቅ አላይም» ትላለች። ግን ቤታችን ከሜዳው በታች ስለሆነ፣ ድምፅ ማጉያው ከመጣ ጀምሮ፣ ወንድሜ አግብቶ ስሙ በተጠራ ቁጥር ከግቢያችን እልል ትል ነበር። ሜዳው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ተጫዋቾቹም «የአሳምነው እናት ቆጠረች» እያሉ ይስቁ ነበር። በዚያ ቅዳሜ አዲሱን ስንዴ ሰሌን ላይ አስጥታ እየለቀመች ነበር። ነፋሱ ያመጣላት ስሙን ብቻ ነው። ሌላው ቃል መንገድ ላይ ቀረ። ልጄ መጥቶ፣ ቤት እንኳን ሳይገባ ሜዳ ወጥቶ እየተጫወተ ነው ብላ አሰበች።

በዚያ የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ውስጥ ከታች የመጣውን እልልታ እርስዎም ሰምተዋል፤ ቀና ብለው ወደ እኛ ቤት ሲመለከቱ አይቻለሁ።

ቤት ስደርስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ለእግሩ ውሃ አሙቄያለሁ፤ ብቻህን ነው እንዴ የመጣኸው?» አለችኝ። ጋሽ ቱሳ ገና አልደረሱም ነበር። ስለዚህ መርዶውን ያረዳኋት እኔ ነኝ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ሽማግሌ፣ የውጤት ቆርቆሮ በብብቴ እንደያዝኩ። ስንዴው ላይ ነው የወደቀችው። ሽማግሌዎቹን ሰኞ ማለዳ በዚያ ውርጭ ከመነሳት ስላሳረፉልን አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ገና ስላላለቀ።

ልቅሶው ከተነሳ በኋላ ክቡርነትዎ ራስዎ ቤታችን መጡ። ዝቅ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጉልበትዎ ላይ አድርገው ተናገሩ። በወንድሜ ስም የመታሰቢያ ዋንጫ ተዘጋጅቷል፤ ዋንጫው አዲስ አበባ ተሠርቷል፣ ቁመቱም እስከ ወገብ ይደርሳል። ለመክፈቻው በሬ ተገዝቷል። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው «ቁመቱ እኮ የወንድሙ ነው» አሉ። ጥቅሉን ፈቱት። ዘጠኝ ቁጥር ነበር፤ እጥፋቱ የእናቴ እንደሆነ አወቅኩት፣ ማንም አልነካውም። «ከስህተታችን ተምረናል። ይህን ልጅ ለማስቀረት የሚከፈለውን ሁሉ እንከፍላለን» አሉ። ሰኔ ላይ ትምህርቴን ስጨርስ የዘይት ቀያሪው ቋሚ መደብ የእኔ ነው። እስካሁን ክፍት ነው ማለት ነው። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ወስኗል፤ ስለ ጎማም የተናገረ ሰው እንዳልነበረ ሰምቻለሁ።

ክቡር ጓድ፣ የእኔን ጨዋታ አይተው እንደሆነ አላውቅም። መምህር ሁሴኖ «አስናቀ፣ አንተ ስትወረውር ቦርዱ ራሱ ጎንበስ ይላል» ይሉኛል። አሳምነው «ከዕቃህ ሁሉ እጅህ ነው የማይረባው» ይለኝ ነበር። ታዲያ ከተማው ከፍተኛ ዋጋ የከፈለው ለማን ነው? ለሚችለው ውድ ነው ተባለ፤ ለማይችለው ተከፈለ። በመካከል የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ወንድሜ ከፈለው።

እምቢ ልል ነበር። ያዘጋጀሁትም ቃል ነበረኝ፤ ጥሩ ቃል ነበር። እርስዎ ሲነሱ ግን እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ትከሻዎን ሳመች። እርስዎ ከወጡ በኋላ ማሊያውን ዘርግታ «ልበሰው» አለችኝ። «እማዬ፣ እኔ መጫወት አልችልም» አልኳት። «ማን ተጫወት አለህ? ልበሰው ነው ያልኩህ» አለች። እጅጌውን አስተካከለችልኝ። ሰኔ ሩቅ አይደለም፤ ቀበሌውም ቅርብ ነው። ቃሌን ዋጥኩት።

ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ ዋጋውን ተቀብያለሁ። በመጪው ቅዳሜ ዘጠኝ ቁጥርን ለብሼ እሰለፋለሁ። የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ ለትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ባቀርበው መምህር ሁሴኖ አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይህ ሰሌዳው ላይ የወጣ ቀን አንተ ከመደቡ ትወርዳለህ» አሉኝ። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ስሜን ባለፈው ቅዳሜ በድምፅ ማጉያው ተናግረዋል፤ እርስዎ ደግሞ በዚያ መሣሪያ የተናገሩትን ነገር መልሰው እንደማይወስዱ በቤታችን ተረድተናል። ስለዚህ ራሴ እለጥፈዋለሁ።

አንዲት ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከመደቡም ከዋንጫውም በላይ ስለሆነች አሳንሰው አይዩብኝ። የናዝሬቱ ክለብ ጥያቄ እስካሁን መሳቢያዎ ውስጥ ይሆናል። ያንን መልቀቂያ ይፈርሙልኝ። ቀኑን ከፈለጉ የዛሬን ይጻፉበት፤ ናዝሬትም አይልኩት፣ ለእናቴ ይስጡልኝ። እሱ ከአሁን በኋላ አያገባልዎትም፤ ለትራክተርም አይሆንዎትም። ገመዱን ለባለቤቱ ያስጨብጡ። ወንድሜን ይልቀቁት።

ለከፈሉትም፣ ላልከፈሉትም፣ ዘግይተው ለሚከፍሉትም ሁሉ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ እያመሰገንኩ፣ ጣቢያዎ ዘይት፣ ቡድንዎ ረጅም ልጅ እንዳያጣ ከልብ በመመኘት እሰናበታለሁ።

አዲሱ ዘጠኝ ቁጥርዎ፣
አስናቀ ገብረ መድህን

ማስታወሻ፤ ቤታችን በመጡ ጊዜ ከበር ላይ መለስ ብለው «ያለ እሱ እንዴት ነህ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እናቴ ስለነበረች አልመለስኩም። አሁን ልመልስ። ወንድሜና እኔ ፊታችንን የምንታጠበው ጓሮ ካለው ድንጋይ ላይ ነው፤ አንዳችን በጣሳ ያፈሳል፣ ሌላችን ይታጠባል፣ ከዚያ እንቀያየራለን። እሱ የሄደ ዕለት ማግስት ማለዳ ተነስቼ ጣሳውን ሞልቼ ወጣሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ጣሳውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ጎንበስ ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ጠበቅኩ። እጄ ሲደነዝዝ ነው ቀና ያልኩት። ውሃውን ልደፋው አልቻልኩም። እንደሞላ በሩ አጠገብ አስቀምጬ ፊቴን ሳልታጠብ ትምህርት ቤት ሄድኩ።